ኮከቦቹ የቀሩበት ሰኔ

የዊምብልደን የቴኒስ ውድድር በልማዱ የሚከፈተው ሰኞ ከቀትር በኋላ ነው። ያለፈው ዓመት የወንዶች ሻምፒዮን ነጭ በነጭ ለብሶ፣ ሣሩ ገና ባልተረገጠው ዋናው ሜዳ ላይ ብቅ ይላል፤ ሕዝቡ በጭብጨባ ይቀበለዋል፤ የሁለት ሳምንቱ ድግስም ተጀመረ ማለት ነው። ሰኔ 18 ቀን 1965 ዓ.ም. ግን ሻምፒዮኑ አልመጣም። ስታን ስሚዝ የሚባለው ቀጭን ረጅም አሜሪካዊ ጤነኛ ነበር፤ ማንም አላገደውም፤ በጉልበቱም በስሙም የሚወዳደረው ጥቂት ነበር። ሆኖም ቀረ። ከእሱ ጋር 80 ተጫዋቾች አብረውት ቀሩ። በደረጃ ከተመደቡት 16 የወንድ ተጫዋቾች መካከል 13ቱ ስማቸው ከዝርዝሩ ተሰረዘ። በማጣሪያው ተሸንፈው ሻንጣቸውን ሲሸክፉ የነበሩ ልጆች ሳይቀሩ ተጠርተው እንዲገቡ ተደረገ።

በሩ ላይ የነበረው ሕዝብ ግን አልተመለሰም። ውድድሩ ሲያበቃ የገባው ሰው ሲቆጠር ከ300 ሺህ አለፈ፤ ይህም እስከዚያ ጊዜ ድረስ በውድድሩ ታሪክ ሁለተኛው ከፍተኛ ቁጥር ነበር። ተጫዋች የሌለበት ውድድር፣ ተመልካች ግን የሞላበት! ይህን ነገር ሳስበው ሁልጊዜ ይገርመኛል። ስለዚያ አድማ የተጻፈው አብዛኛው ስለ ተጫዋቾቹና ስለ ባለሥልጣናቱ ነው። ለመሆኑ ያ ሁሉ ሕዝብ ምን ሊያይ ገባ? ለማንስ ነበር ያጨበጨበው?

ነገሩን ከሥሩ እንጀምረው። (ከዚህ በኋላ ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበልልኝ።)

ኒኪ ፒሊች የስፕሊት ከተማ ልጅ፣ የዩጎዝላቪያ አንደኛ ተጫዋች ነበር። ጎበዝ ነው፤ በ1967 ዊምብልደን ላይ እስከ ግማሽ ፍጻሜ ደርሷል፤ ግን በየመንገዱ የሚያስቆም ስም አልነበረውም። በ1973 ግንቦት ላይ አገሩ በዴቪስ ዋንጫ ከኒውዚላንድ ጋር ነበራት። ፌዴሬሽኑ «ለመጫወት ቃል ገብቶልን ነበር» አለ። ፒሊች በበኩሉ «ቃሌ ቅድመ ሁኔታ ነበረበት፤ በዚያው ሰሞን ሞንትሪያል ላይ ለሚደረገው የጥንድ ፍጻሜ ካለፍን አልመጣም ብያለሁ» አለ። ጥንዱ አለፈ፤ ፒሊችም ወደ ሞንትሪያል ሄደ፤ ዩጎዝላቪያ ተሸነፈች። የፌዴሬሽኑ ሊቀ መንበር የጦር ጄኔራል ነበሩ፤ ያውም የፒሊች ሚስት አጎት። የቤተ ዘመድ ጠብ መሆኑ ነገሩን አላለዘበውም፤ እንዲያውም ሳያብሰው አልቀረም። ዘጠኝ ወር ታገደ።

ዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን ይግባኙን ሰምቶ ዘጠኙን ወር ወደ አንድ ወር አወረደለት። ለወሬው ደግ ፍርድ ይመስላል። ነገር ግን ያ አንድ ወር የሚያበቃው ጁን 30 ቀን ነው፤ ዊምብልደን የሚጀምረው ደግሞ ጁን 25። ይግባኙ እስኪታይ ድረስ ፒሊች ፓሪስ ላይ እንዲጫወት ተፈቅዶለት ነበር፤ እዚያም የፈረንሳይን ውድድር ፍጻሜ ደርሶ በሮማኒያዊው ኢሊ ናስታሴ ተሸነፈ። እንግዲህ ፓሪስ ላይ ለፍጻሜ የበቃ ሰው፣ ለአምስት ቀን ቅጣት ሲባል ለንደን ላይ በር ተዘጋበት።

ተጫዋቾቹ ባለፈው መስከረም ላይ ማኅበር አቋቁመው ነበር፤ ኤቲፒ ይሉታል። ፕሬዚዳንቱ ደቡብ አፍሪካዊው ክሊፍ ድራይስዴል፣ ዋና ሥራ አስኪያጁ ጃክ ክሬመር፣ ጠበቃው ዶናልድ ዴል ናቸው። ማኅበሩ ገና አንድ ዓመት አልሞላውም። «አንድ አባላችን ምን ጊዜ የት እንደሚጫወት የሚወስነው እሱ ራሱ ነው ወይስ የአገሩ ፌዴሬሽን?» የሚለው ጥያቄ መጣበት። ለንደን ከፍተኛ ፍርድ ቤት ሄዱ፤ ዳኛው እግዱን ለማንሳት ፈቃደኛ አልሆኑም። ከዚያ በኋላ የቀረው አድማ ብቻ ነበር።

የመጨረሻው ስብሰባ ላይ የሆነው ነገር ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። የማኅበሩ ቦርድ አባላት አድማው ይቅር ወይስ ይጽና ብለው ድምፅ ሰጡ። ክሬመር፣ አርተር አሽና ጂም ማክማነስ «ይጽና» አሉ። ስታን ስሚዝ፣ ማርክ ኮክስና ጆን ባሬት «እንጫወት» አሉ። ሦስት ለሦስት! ፕሬዚዳንቱ ድራይስዴል ድምፀ ተአቅቦ አደረገ፤ በዚህም የቀድሞው ውሳኔ ጸና። ስሚዝ ልብ ይሏል። «እንጫወት» ብሎ የተሟገተው እሱ ነው፤ ያለፈው ዓመት ዋንጫ የእሱ ነው፤ ክርክሩን ሲሸነፍ ግን ከጓደኞቹ ተለይቶ አልገባም። በዚያ ሁሉ ግርግር ውስጥ ለእኔ ትልቁ ሰው እሱ ነው። ጋዜጦቹ ግን ስለ እሱ ለመጻፍ ጊዜ አልነበራቸውም፤ የሚወቅሱት ሰው ቀድሞ ተገኝቶ ነበርና።

ያ ሰው ጃክ ክሬመር ነው። ክሬመር በ1947 ዊምብልደንን ያሸነፈ ሰው ነው። ከዚያ ፕሮፌሽናል ሆነ፤ ቀጥሎም ራሱ የውድድር አዘጋጅ፣ ሕዝቡ እንደሚለው ደላላ ሆነ። በ1950ዎቹ ዓመታት በየዓመቱ አንድ አማተር ሻምፒዮን ሲወጣ ክሬመር ብር ይዞ ይጠብቀዋል፤ ያስፈርመዋል፤ ልጁም ያን ጊዜ በነበረው ሕግ ከዊምብልደን ይሰናበታል። የለንደን የቴኒስ አፍቃሪ ክሬመርን የሚያውቀው በዚህ ነበር፤ የሚወዳቸውን ልጆች አንድ በአንድ የሚወስድበት ሰው አድርጎ። በሌላ በኩል ደግሞ ከ1960 ጀምሮ በቢቢሲ ጨዋታውን የሚተነትንለት ተወዳጅ ድምፅ እሱ ነበር። በ1973 ሰኔ ላይ ይህ ሰው የሠራተኛ ማኅበር መሪ ሆኖ ብቅ ሲል፣ እንግሊዞቹ ምን ይበሉ? ትናንት አሠሪ የነበረ ሰው ዛሬ የአድማ መሪ ሲሆን ማን ያምነዋል? ቢቢሲም በዚያ ዓመት ድምፅ ማጉያውን ወሰደበት።

የጊዜውንም ስሜት መርሳት አይገባም። ብሪታንያ በዚያን ጊዜ በአድማ የታመሰች አገር ነበረች። በ1972 መጀመሪያ ላይ የከሰል ማዕድን ሠራተኞች አድማ መትተው መብራት በፈረቃ ሆኖ ነበር። ከዚህ ሁሉ የሚያመልጥበት ቦታ አድርጎ ሣሩንና እንጆሪ በክሬሙን የሚያስበው ተመልካች፣ እዚያም «አድማ» የሚል ቃል ሲጠብቀው ተቆጣ። ያውም የማዕድን ሠራተኛ አይደለም፤ በአውሮፕላን ከከተማ ከተማ እየተዘዋወረ በዶላር የሚከፈለው ሰው ነው አድማ የመታው። የጋዜጦቹ ቃና በጠቅላላው «ስግብግቦች» የሚል ነበር።

እዚህ ላይ ግን ፍርደ ገምድልነት አለ ባይ ነኝ። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1972፣ ዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን ከቴክሳሱ ባለሀብት ከላማር ሀንት ድርጅት ጋር ውል ያላቸውን ተጫዋቾች ከውድድሮቹ አግዶ ነበር። በ1970ና በ1971 ዊምብልደንን ያሸነፈው አውስትራሊያዊው ጆን ኒውኮም በዚህ ምክንያት ዋንጫውን ለመከላከል እንኳ አልቻለም። ያን ጊዜ በሩን የዘጉት ባለሥልጣናቱ ነበሩ። ሕዝቡ አዘነ እንጂ አልተቆጣም፤ ማንም «ስግብግቦች» አላለም። ተመልካቹ የተነጠቀው ያው አንድ ነገር ነው፤ ምርጥ ተጫዋቾችን የማየት ዕድል። ባለሥልጣን ሲነጥቀው «ደንብ ነው»፣ ተጫዋች ሲነጥቀው «ክህደት ነው»! ይህ በቴኒስ ብቻ የሚታይ ጠባይ አይመስለኝም።

ይሁንና ተመልካቹንም ሙሉ በሙሉ አልኮንነውም። ቅሬታው መሠረት የሌለው አልነበረም። አድማው የተመታው በማን ላይ ነው? ፒሊችን ያገደው የዩጎዝላቪያ ፌዴሬሽን ነው፤ እግዱን ያጸናው በዴንማርካዊው አላን ሄይማን የሚመራው ዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን ነው። የዊምብልደን ክለብ የዓለም አቀፉን ውሳኔ ተቀበለ እንጂ ነገሩን አልጀመረም። ከዚያም የሚያሳዝነው፣ የክለቡ ሊቀ መንበር ሄርማን ዴቪድ ለተጫዋቾች በሩን የከፈቱ ሰው መሆናቸው ነው። ከ1968 በፊት የነበረው ሥርዓት በአደባባይ አማተር፣ በጓዳ ተከፋይ ነበር፤ ሻምፒዮኖቹ በኤንቨሎፕ እየተቀበሉ «ለፍቅር ነው የምንጫወተው» ይባልላቸው ነበር። ይህን ውሸት በግልጽ ተናግረው፣ ዓለም አቀፉን ፌዴሬሽን ተጋፍተው ዊምብልደንን ለፕሮፌሽናሎች ክፍት እንዲሆን ካደረጉት መካከል ግንባር ቀደሙ ዴቪድ ነበሩ። ከአምስት ዓመት በኋላ ምስጋናቸው ባዶ ሜዳ ሆነ። የሰውየውን ስሜት መገመት አያዳግትም።

ተጫዋቾቹ ታዲያ ለምን ዊምብልደንን መረጡ? መልሱ ቀላል ነው፤ ሌላ ቦታ ቢሆን ማንም አይሰማቸውም ነበር። ተራ በሆነ ውድድር ላይ መቅረት ዜና አይሆንም። የሚያሳምመው ቦታ የሚወዱት ቦታ ነው፤ እነሱንም ጭምር የሚያሳምማቸው። አርተር አሽ ዊምብልደንን ገና አላሸነፈም ነበር። ኬን ሮዝዎል ዕድሜው 38 ሆኖ፣ ሁለቴ አማተር እያለ አንዴ ፕሮፌሽናል ሆኖ ለፍጻሜ ደርሶ፣ ያቺን ዋንጫ አንድም ጊዜ አልነካትም። ሁለቱም በዚያ ዓመት ዝርዝር ውስጥ የሉም።

በገንዘብ ጉዳይ ተጫዋችና አዘጋጅ ሲጣላ ነገሩ ለሁሉም ግልጽ ነው። በ2006 በአሜሪካ የሬኖ ከተማ በተደረገው ትልቅ የፑል ውድድር ፊሊፒናዊው ኤፍረን ሬይስ በፑል ታሪክ ታይቶ የማይታወቅ 500 ሺህ ዶላር አሸነፈ ተባለ፤ ቼኩ ግን በጊዜው አልመጣም፤ ተጫዋቾቹ ሽልማታቸውን በክፍያ በክፍያ ለማግኘት ብዙ መጠበቅ ነበረባቸው። እንዲህ ያለውን አዘጋጅ ከእንግዲህ አንጫወትልህም ቢሉት የፑል ቤት ደንበኛ ሁሉ ይረዳቸዋል፤ ላቡን የተበላ ሰው ማንነቱ አይጠየቅም። የዊምብልደኑ አድማ ግን የብር አልነበረም። ክለቡ የማንንም ገንዘብ አልበላም። የወንዶቹ አሸናፊ 5,000 ፓውንድ ነበር የተመደበለት፤ የቀሩት ሰዎች ይህን ማግኘት የሚችሉበትን ዕድል ነው የተዉት። «ለብር ብለው» የሚለው ወቀሳ ከእውነቱ የራቀው እዚህ ላይ ነው። ነገሩ የመርሕ ነበርና ለማስረዳት ከባድ ሆነ። ለአንድ ስሙን እንኳ በቅጡ ለማይጠሩት ዩጎዝላቭ ተብሎ ለምን የእኔ ሁለት ሳምንት ይበላሻል? ይህ የተመልካቹ ጥያቄ ነው። የማኅበርን ትርጉም የሚያውቅ ሰው ደግሞ መልሶ ይጠይቃል፤ ለማይታወቀው ሰው ካልቆመ ማኅበር ለማን ነው የሚቆመው?

ወደ ሜዳው እንመለስ። ከማኅበሩ አባላት ሦስት ሰዎች አድማውን ሰብረው ገቡ፤ ናስታሴ፣ እንግሊዛዊው ሮጀር ቴይለርና አውስትራሊያዊው ሬይ ኬልዲ። ናስታሴ የሮማኒያ ጦር ባልደረባ ስለነበር «እንድጫወት ታዝዣለሁ» አለ። አንዳንዱ አመነው፤ አንዳንዱ ሳቀ። ከማኅበሩ ውጪ የነበሩት የቼኮዝሎቫኪያው ያን ኮዴሽ፣ የሶቪየቱ አሌክስ ሜትሬቬሊ፣ ወጣቱ አሜሪካዊ ጂሚ ኮነርስና የ17 ዓመቱ ስዊድናዊ ቢዮርን ቦርግም ነበሩ። ነገሩ ትንሽ ያስቃል። የካፒታሊስቱ ዓለም ባለጸጋ ተጫዋቾች የሠራተኛ ማኅበር አቋቁመው አድማ ሲመቱ፣ ክፍተቱን የሞሉት «የሠራተኛው መንግሥት» ልጆች ሆኑ።

የሮጀር ቴይለር ነገር ግን ለብቻው ሊነገር የሚገባው ነው። ቴይለር የሼፊልድ ልጅ ነው፤ ሼፊልድ የብረት ከተማ ናት፤ አባቱም የብረት ፋብሪካ ሠራተኛ ነበሩ። በእንደዚህ ያለ ቤት «አድማ ሰባሪ» የሚለው ቃል ምን ያህል እንደሚከብድ መገመት ይቻላል። ከወዲህ ማኅበሩ ይጠብቀዋል፤ ከወዲያ አገሩ። ቴይለር ገባ። ሜዳው ላይ ብቅ ሲልም ሕዝቡ በሆታ ተቀበለው።

ያ ጭብጨባ ምን ማለት ነበር? «ደግ አደረግህ፤ ማኅበር ይውደም» ማለት ነበር? ከፊሉ ሊሆን ይችላል። እኔ ግን ሌላም ነገር ይታየኛል። እንግሊዞች ፍሬድ ፔሪ በ1936 ካሸነፈ ወዲህ በገዛ ሜዳቸው አንድ ወንድ ሻምፒዮን አላዩም። 37 ዓመት! እነ ስሚዝ፣ እነ ኒውኮም፣ እነ ሌቨር በሌሉበት ዓመት የሼፊልዱ ልጅ ሊያሸንፍ ይችላል። ታዲያ ተመልካቹ ለመርሕ ብሎ ነው ያጨበጨበው ወይስ ለጎረቤቱ ልጅ? ሁለቱን ነጣጥሎ መመዘን የሚችል ያለ አይመስለኝም፤ ራሱ አጨብጫቢውም ቢሆን።

ቴይለር በሩብ ፍጻሜው ከቦርግ ጋር ተገናኘ። ቦርግ ደግሞ የራሱን ሕዝብ ይዞ መጣ። ጸጉሩን ያስረዘመው የስዊድን ልጅ ሲያልፍ የትምህርት ቤት ልጃገረዶች ልክ እንደ ሙዚቃ ኮከብ ይጮኹለት፣ ይከቡት ጀመር፤ ፖሊስ አጅቦ እስከሚያስገባው ድረስ። ዊምብልደን እንዲህ ያለ ነገር አይቶ አያውቅም። እነዚህ ልጃገረዶች ስለ ፒሊች እገዳ የሚያውቁት ነገር መኖሩ አጠራጣሪ ነው። ትልልቆቹ ኮከቦች በመቅረታቸው ባዶ የሆነውን ቦታ የሚሞላ አዲስ ፊት አገኙ፤ በቃ። ቴይለር ቦርግን በአምስት ዙር አሸነፈው፤ በግማሽ ፍጻሜው ግን ለኮዴሽ፣ እንደገና በአምስት ዙር፣ የመጨረሻውን 7 ለ 5 ተሸነፈ። የእንግሊዞች ሕልም እዚያ ላይ አበቃ፤ አንዲ መሪ እስከሚመጣበት እስከ 2013 ድረስም መጠበቅ ነበረባቸው። ናስታሴማ አስቀድሞ በአራተኛው ዙር ሳንዲ ሜየር በሚባል አሜሪካዊ የኮሌጅ ተማሪ ተሸንፎ ወጥቷል። ለመጫወት «ታዞ» የነበረው ሰው ለማሸነፍ የታዘዘ አይመስልም ነበር።

ያን ሕዝብ ለመረዳት ሌላም ተራ ነገር አለ። የዊምብልደን ዋናው ሜዳ ቲኬት ከ1924 ጀምሮ ለሕዝብ የሚሰጠው በዕጣ ነው፤ ዕጣው የሚወጣው ከወራት በፊት ነው። አድማው ሲታወጅ ብዙው ሰው ቲኬቱን ኪሱ ውስጥ አስገብቷል፤ የሥራ ፈቃዱን ወስዷል፤ ምናልባትም ያንን ቲኬት ለማግኘት ዓመታት ሞክሯል። አንድ ተመልካች የገዛው ቲኬት ላይ የተጫዋች ስም አይጻፍም፤ የቦታ ቁጥር ብቻ ነው ያለው። ስለዚህ «300 ሺው ሰው አድማውን ተቃወመ» ብሎ ቁጥሩን እንደ ድምፅ መስጫ መቁጠር ስሕተት ነው። ክለቡና ጋዜጦቹ ግን እንደዚያ ቆጠሩት። ሕዝቡ መጥቷልና ተጫዋቾቹ ተሸንፈዋል አሉ።

እኛ ኢትዮጵያውያን «ቦይኮት» የሚለውን ቃል የለመድነው ከኦሊምፒክ ጋር ነው። በ1976 ሞንትሪያል፣ በ1984 ሎስ አንጀለስ፣ በ1988 ሴኡል፤ ሦስቴ ቀረን። የሞንትሪያሉ የአፍሪካ አገሮች በአንድነት የወሰዱት አቋም ነበር፤ የኒውዚላንድ የራግቢ ቡድን አፓርታይድ ወዳለባት ደቡብ አፍሪካ ሄዶ በመጫወቱ። የቀሩት ሁለቱ የጊዜው መንግሥት የወዳጅነት ሒሳብ ነበሩ። በሦስቱም ግን «እንሂድ ወይስ እንቅር?» ተብሎ የተጠየቀ ሯጭ የለም። ምሩጽ ይፍጠር በሞንትሪያል ቢሮጥ ኖሮ ፊንላንዳዊው ላሴ ቪረን 5 ሺውንና 10 ሺውን ሜትር እንደዚያ ጠቅልሎ ይወስድ ነበር ወይ የሚለው ክርክር በየቡና ቤቱ ዕድሜ ጠግቧል። ምሩጽ በ1980 ሞስኮ ላይ ሁለቱንም ወርቅ ሲያመጣ ክርክሩ ይባስ ጋለ እንጂ አልበረደም። የዊምብልደኖቹ ሰዎች ልዩነት ይህ ነው፤ መቅረታቸውን ራሳቸው መረጡት፣ ዕዳውንም ራሳቸው ከፈሉ። የእኛዎቹ ሳይጠየቁ ከፈሉ።

የቪረን ጥያቄ በኮዴሽም ላይ ተነሣ። ኮዴሽ በፍጻሜው ሜትሬቬሊን 6 ለ 1፣ 9 ለ 8፣ 6 ለ 3 አሸንፎ ዋንጫውን ወሰደ። «የባዶ ሜዳ ሻምፒዮን» የሚለው ሐሜት ግን ወዲያው ተከተለው። ሰውየው የፕራግ ልጅ ነው፤ በ1970ና በ1971 የፈረንሳይን ውድድር አከታትሎ ያሸነፈ፤ እንዲያው ከመንገድ ላይ የተገኘ ሰው አልነበረም። መልሱን ሁለት ወር ገደማ ቆይቶ ኒውዮርክ ላይ ሰጠ። በአሜሪካው ውድድር ላይ ሁሉም ነበሩ፤ የቀረ ኮከብ አልነበረም። ኮዴሽ በግማሽ ፍጻሜው ራሱን ስታን ስሚዝን በአምስት ዙር ጣለው፤ በፍጻሜውም ኒውኮምን አምስተኛ ዙር ድረስ ካደረሰው በኋላ ነው የተሸነፈው። ከዚያ ወዲያ ሐሜተኛው ሁሉ ዝም አለ ማለት ግን አይቻልም። ተመልካች አንድ ጊዜ የያዘውን ጥርጣሬ በቀላሉ አይለቅም።

በዚያው ሳምንት የሆነ፣ ከወንዶቹ ጩኸት የተነሣ ያን ጊዜ ብዙም ያልተሰማ ነገር ነበር። ውድድሩ ሊጀመር ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ቢሊ ጂን ኪንግ ሴት ተጫዋቾችን ለንደን ግሎስተር ሆቴል ሰበሰበችና የሴቶችን የቴኒስ ማኅበር አቋቋመች። ወንዶቹ በማኅበራቸው ውስጥ ሴቶችን አላስገቡም ነበር። ሴቶቹ አድማ አልመቱም፤ ተጫወቱ። ኪንግም የነጠላውን፣ የጥንዱንና የድብልቁን ዋንጫ ጠቅልላ ወሰደች። በነጠላ ላሸነፈችበት የተከፈላት 3,000 ፓውንድ ነው፤ ኮዴሽ 5,000 ሲያገኝ። ወንዶቹ በሌሉበት የውድድሩን ክብር የተሸከሙት ሴቶቹ ሆነው ሳለ ሒሳቡ አልተቀየረም። ዊምብልደን ለሁለቱም እኩል መክፈል የጀመረው በ2007 ነው።

አድማውስ ምን አመጣ? በቅርብ ያየው ሰው ሽንፈት ብሎታል፤ ሜዳው ሞልቶ፣ ክሬመር ተሰድቦ፣ ፒሊችም ሳይጫወት ቀርቶ። ማኅበሩ አድማ ሰባሪዎቹን በገንዘብ ቀጣ። ነገር ግን ከዚያ ሰኔ በኋላ አንድም ፌዴሬሽን አንድን ተጫዋች እንደ ፒሊች አድርጎ ለማስገደድ ሲያስብ 81ዱን ሰዎች ማስታወስ ነበረበት። በ1974 ፌዴሬሽኖች፣ ተጫዋቾችና አዘጋጆች በአንድ ጠረጴዛ የሚቀመጡበት ምክር ቤት ተቋቋመ። በ1973 ነሐሴ ላይ ማኅበሩ በኮምፒዩተር የሚወጣ የደረጃ ሰንጠረዥ ጀመረ፤ የመጀመሪያው የዓለም ቁጥር አንድ ሆኖ የወጣው ማን ቢሆን ጥሩ ነው? አድማውን የሰበረው ናስታሴ! ኮምፒዩተር ቂም አያውቅም።

የማኅበሩ የኋላ ታሪክ ደግሞ ሌላ መጣጥፍ ይወጣዋል። ከ1990 ጀምሮ ኤቲፒ የተጫዋቾች ማኅበር ብቻ መሆኑ ቀርቶ ከአዘጋጆቹ ጋር ሆኖ ራሱ የውድድሮቹ ባለቤት ሆነ። በ2020 እነ ኖቫክ ጆኮቪች «ይህ ድርጅት እኛን አይወክልም» ብለው ሌላ የተጫዋቾች ማኅበር መሠረቱ። ጆኮቪች ልጅ ሳለ የሠለጠነው ጀርመን አገር በሚገኝ አንድ የቴኒስ ትምህርት ቤት ነበር፤ የትምህርት ቤቱ ባለቤት ኒኪ ፒሊች ነበር።

በ1974 ተጫዋቾቹ ወደ ዊምብልደን ተመለሱ። ሕዝቡ ቂሙን ይዞ ይጠብቃቸዋል ብሎ የሰጋ ነበረ ቢሆን፣ ስጋቱ ከንቱ ሆነ። በዚያ ዓመት የሕዝቡ ልብ ያረፈው በአንድ ሰው ላይ ነው፤ በ39 ዓመቱ ኬን ሮዝዎል። ሩብ ፍጻሜው ላይ ኒውኮምን ጣለ። ግማሽ ፍጻሜው ላይ ስታን ስሚዝን ገጠመ። ስሚዝ ሁለት ዙር መራ፤ ሦስተኛውንም ሊጨርስ ተቃርቦ ነበር፤ ሮዝዎል ከዚያ ተነሥቶ አሸነፈው። ፍጻሜው ላይ የ21 ዓመቱ ኮነርስ 6 ለ 1፣ 6 ለ 1፣ 6 ለ 4 አድርጎ ሽማግሌውን አሰናበተው። ሮዝዎል ያቺን ዋንጫ ሳይነካት ቀረ። ስሚዝም ዳግመኛ ለፍጻሜ አልደረሰም።